ከጭድና ጭቃ እስከ ካርቦን ፋይበር፤ የፕላስቲክና የጥምር ቁሶች ታሪክ በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ሊኖረው ስለሚገባ ቦታ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህርነት ባገለገለበት ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያቀርብ ነበር። ጥያቄውም «የሰው ልጅ ዕቃና ቤት የሚሠራባቸውን ቁሶች ዘርዝሩ» የሚል ነው። ተማሪዎቹ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ብርጭቆና እንጨት ብለው ይጽፋሉ፤ ጥቂቶቹም ፕላስቲክን ይጨምራሉ። አብዛኞቹ የዚያን ዕለት ጧት ከጭቃ ቤት ወጥተው የመጡ ሲሆኑ በጭድ የተቦካውን ጭቃ ከቁስ ቆጥሮ የጻፈ ግን አንድም አልነበረም። መልሱን ያጎደለው የተማሪው ስንፍና አይደለም። ቁስ ማለት ከፋብሪካ የሚወጣና በመጽሐፍ የተሣለ ነገር ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን።

ከዚህም የተነሣ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ፋይበርና ስለ ጥምር ቁሶች በምናስተምርበት ጊዜ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች በተማሪው አእምሮ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው፣ እነዚህ ቁሶች በውጭ አገር ቤተ ሙከራ በአንድ ሊቅ ድንገተኛ ግኝት የተወለዱ ናቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቤታችን ያለው የቁስ ዕውቀት ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ኋላ ቀርነት ነው የሚለው ነው። ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር ሁለቱንም አይደግፍም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ክንውኖች ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተሰጡ አንባቢው ይገንዘብልን።

የግድግዳው ምሥጢር

የጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ቋሚውን ያቆማል፣ ማገሩንም ያስራል። ከዚያም አፈር ቆፍሮ፣ ውኃ አፍስሶ፣ የጤፍ ጭድ ነስንሶ በእግሩ ይረግጠዋል። ጭቃው ለቀናት ተከድኖ ይቦካል፤ እንደገናም ይረገጣል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? አፈሩ ብቻውን በውኃ ተለውሶ ቢመረግ አይበቃም ነበርን? ግንበኛው መልሱን ያውቀዋል፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ከግድግዳውም ይረግፋል።

ይህንኑ በሳይንስ ቋንቋ ስንገልጸው እንደሚከተለው ይሆናል። ሸክላነት ያለው አፈር ውኃውን ሲለቅ ይኮማተራል። ነገር ግን ከማገሩ ጋር ስለተያያዘ እንደ ልቡ ሊሰበሰብ አይችልም፤ ስለሆነም በውስጡ የመሳብ ውጥረት ይፈጠራል። ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን አቅም የለውም። በዚህ ጊዜ በየአቅጣጫው የተበተነው ጭድ ስበቱን ይሸከማል። አንዲት ስንጥቅ ብትጀምር እንኳ ከጭድ ዘለላ ጋር ስትገናኝ ወይ ትቆማለች፣ ወይም ሁለቱ የስንጥቁ ከንፈሮች በጭዱ እንደ ተሰፉ ይቀራሉ። የጤፍ ጭድ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጭንና ልስልስ በመሆኑ ከጭቃው ጋር የሚነካካበት ገጽ ሰፊ ነው፤ ወፍራም አገዳ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ተመዝዞ ይወጣ ነበር።

ጥምር ቁስ ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ሁለት ቁሶች አንዱ በሌላው ሳይሟሟ፣ እያንዳንዱም ባሕርዩን ሳይለቅ ይጣመራሉ። አንደኛው ፋይበሩ ሲሆን ስበቱን ይችላል። ሌላው ያዡ ሲሆን ፋይበሮቹን በየቦታቸው አጽንቶ ይይዛል፣ ጫናውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል፣ ከእርጥበትና ከመፋተግም ይጠብቃቸዋል። የግብፅ ጡብ ሠሪዎች ጭድ ይጠቀሙ እንደነበር ኦሪት ዘፀአትን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። አሳቡ ጥንታዊ ነው። ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የጨመሩት በጭቃው ፈንታ የተሻለ ያዥ፣ በጭዱም ፈንታ የተሻለ ፋይበር ነው። ታሪኩ የተወሳሰበው ግን ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ስለ መጡና ለረዥም ጊዜ ስላልተገናኙ ነው።

ሙጫን ፍለጋ

ያዡን የሰው ልጅ በመጀመሪያ ያገኘው ከተፈጥሮ ነው፤ የግራር ሙጫ፣ ሰም፣ በሕንድ አገር ከአንዲት ጥቃቅን ነፍሳት የሚሰበሰበው ሼላክ የሚባለው ሙጫ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ፋብሪካዎች ሲበዙ የተፈጥሮው አቅርቦት አልበቃም። የዝሆን ጥርስ እንኳ ለማበጠሪያ፣ ለቢላዋ እጀታና ለቢሊያርድ ኳስ እየተፈለገ ዋጋው ናረ፤ ለዚያ ገበያ ከቀረበው የዝሆን ጥርስ ውስጥ ከአገራችን የወጣው ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፓርክስ ጥጥ በናይትሪክ አሲድ ተለውጦ የሚገኘውን ውሑድ መሠረት በማድረግ የሠራውን ቁስ በ1862 በለንደን ኤግዚቢሽን አሳየ። አሜሪካዊው ጆን ሃያት ደግሞ በካፉር አማካይነት አሻሽሎት ከ1870 ገደማ ጀምሮ ሴሉሎይድ በሚል ስም ለገበያ አወጣው። ሴሉሎይድ ውብ ነበር፤ ነገር ግን የባሩድ ዘመድ በመሆኑ እሳት ሲነካው ይንቦገቦጋል። የፊልም ኢንዱስትሪ ሙሉ በሙሉ የተላቀቀው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሴሉሎይድ ከጥጥ የተለወጠ እንጂ ከመሠረቱ የተፈበረከ አልነበረም። ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው በቤልጂግ አገር በጌንት ከተማ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ሊዮ ቤክላንድ ነው። የአጀማመሩ ታሪክ ለመምህራን ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለናል። ፌኖልና ፎርማልዴኃይድ ሲገናኙ ከብርጭቆ ዕቃ ላይ የማይለቅ ሙጫ እንደሚፈጥሩ ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር በ1872 አስተውሎ ነበር። እርሱ የሚፈልገው ሊጣራና ክሪስታል ሊሆን የሚችል ውሑድ ስለነበረ ያንን ጥቁር ዝቃጭ እንደ ሥራ ማበላሻ ቈጠረው። ቤክላንድ ግን ለኤሌክትሪክ ሽቦ መከለያ የሚሆን የሼላክ ምትክ ይፈልግ ነበርና የባየር ጥፋት ለእርሱ ግብ ሆነለት። ሙቀትንና ግፊትን በአንድነት በመቆጣጠር በ1907 ለባኬላይት የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1909ም ለአሜሪካ የኬሚስቶች ማኅበር አስታወቀ።

ባኬላይት አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በሙቀት አይለሰልስም። በዚህ ረገድ እንደ ሸክላ ነው፤ የተተኮሰ ገንቦ ወደ ጭቃነት አይመለስም። ሌላው የፕላስቲክ ወገን ደግሞ እንደ ሰም ነው፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ደግሞም ይቀልጣል። ይህ ልዩነት የሚመነጨው ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው በኬሚካዊ ድልድይ በመተሳሰራቸው ወይም ባለመተሳሰራቸው ነው። ተማሪው ሌላው ሁሉ ቢጠፋው ይህን ሊይዝ ይገባል፤ ምክንያቱም የትኛው ፕላስቲክ ቀልጦ እንደገና ሊሠራ እንደሚችል፣ የትኛውም እንደማይችል የሚወስነው ይኸው ነው።

በዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር አለ። ንጹሕ ባኬላይት ተሰባሪ ነው። ስለሆነም ገና ከመጀመሪያው የእንጨት ዱቄት፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይገባበት ነበር፤ ይኸውም ጭድ መሆኑ ነው። በ1913 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ሁለት መሐንዲሶች ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ነክረው፣ ደራርበውና ጨምቀው ለኤሌክትሪክ ዕቃ መከለያ የሚሆን ሰሌዳ መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሥራ ያገለግል የነበረው ማይካ የተባለው ማዕድን ስለነበረ ምርታቸውን «ስለ ማይካ ፈንታ» ለማለት ፎርማይካ አሉት። በየቢሮውና በየሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ፎርማይካ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

የረጃጅም ሞለኪውሎች ክርክር

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሁሉ የተሠራው በእጅ ዕውቀት ነበር ማለት ይቻላል። ጎማ፣ ሐር፣ ጥጥ፣ ባኬላይት በውስጣቸው ምን እንደሆኑ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። የጊዜው ታላላቅ ኬሚስቶች እነዚህ ቁሶች ጥቃቅን ሞለኪውሎች በልዩ ኃይል ተጠጋግተው የፈጠሯቸው ክምችቶች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በ1920 በዙሪክ ያስተምር የነበረው ሄርማን ሽታውዲንገር ይህን ተቃወመ። እንደ እርሱ አባባል ጎማ ማለት በሺህ የሚቈጠሩ አሐዶች በተራ ኬሚካዊ ማሰሪያ እንደ ሰንሰለት የተያያዙበት አንድ ረዥም ሞለኪውል ነው።

የገጠመው ተቃውሞ ጽኑ ነበር። ባልደረባው የነበረው ሃይንሪሽ ቪላንድ የታላቅ ሞለኪውልን ነገር ትቶ ጎማውን አጥርቶ ቢያነጻ ክሪስታል እንደሚሆንለት መክሮታል። በኤክስ ጨረር የሚመራመሩትም አንድ ሞለኪውል ከክሪስታሉ መሠረታዊ ክፍል ሊበልጥ አይችልምና የአንተ አሳብ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ይጋጫል አሉት። ሽታውዲንገር ግን ለክርክር የሚሆን ሙከራ ነበረው። የጎማው ሞለኪውሎች የሚጠጋጉት በውስጣቸው ባለው ድርብ ማሰሪያ ምክንያት ከሆነ፣ ድርብ ማሰሪያው በሃይድሮጂን ሲሞላ ክምችቱ ሊፈርስ ይገባል። አድርጎ አየው፤ አልፈረሰም። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተቃዋሚዎቹ አንድ በአንድ አሳባቸውን ለወጡ፤ የኖቤል ሽልማት ግን የደረሰው በ1953፣ በ72 ዓመቱ ነው።

ይህን ክርክር በሰፊው ያነሣነው ስለ ሽታውዲንገር ጽናት ለማውራት አይደለም። ተቃዋሚዎቹ አላዋቂዎች አልነበሩም፤ ቪላንድ ራሱ የኖቤል ተሸላሚ ሊሆን የበቃ ሰው ነው። በእጃቸው በነበረው ማስረጃ መጠን አሳባቸው ምክንያታዊ ነበር። መምህሩ ይህን ታሪክ «ሊቁ አወቀ፣ ሌሎቹ አላወቁም» ብሎ ከተረከው ተማሪው የሚቀስመው ጀግንነትን እንጂ ሳይንስን አይሆንም። ሊነገረው የሚገባው ክርክሩን የቈረጠው ሙከራ የትኛው እንደሆነና ለምን ቈራጭ እንደሆነ ነው።

በአሜሪካ ዱፖንት ኩባንያ በ1928 የተቀጠረው ዋላስ ካሮዘርስ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ በኩል ያዘው። ረዥም ሞለኪውል አለ ወይስ የለም ብሎ ከመከራከር ይልቅ በሚታወቁ ኬሚካዊ ሂደቶች አንድ በአንድ እየቀጠለ ሊሠራው ተነሣ። በ1930 የሥራ ጓደኛው ጁልየን ሂል ከቀለጠው ቁስ በዘንግ ጫፍ ክር ሲመዝ፣ ክሩ ከቀዘቀዘ በኋላም ሊሳብ እንደሚችልና ሲሳብ እጅግ እንደሚጠነክር አየ። የኛ ፈታዮች ባዘቶውን በእንዝርት እየሳቡ ሲያሾሩት የጥጡን ፋይበሮች በአንድ አቅጣጫ ያስተካክሏቸዋል፤ ሂል ያየውም በሞለኪውል ደረጃ ይኸው ነበር። ከዚህ ጥናት በ1935 ናይለን ተወለደ፤ በ1938 ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ በ1940 በሴቶች ካልሲ መልክ በመላው አሜሪካ ተሸጠ። ካሮዘርስ ይህን አላየም፤ በ1937 በ41 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል።

ፖሊኤትሊን በአንጻሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1933 በእንግሊዝ አገር ጊብሰንና ፎሴት የተባሉ ኬሚስቶች የኤትሊን ጋዝን በብርቱ ግፊት ሲጨምቁ በዕቃው ውስጥ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ሽቦ መከለያ ሆነ። በ1953 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ሲግለር ያለ ብርቱ ግፊት የሚሠራበትን ዘዴ አገኘና ቁሱ ይበልጥ ጠንካራ ሆኖ በርካሽ መመረት ጀመረ። ለአገራችን ገጠር የዚህ ውጤት የታየው በጀሪካን ነው። «ጀሪ» እንግሊዞች ለጀርመኖች ያወጡት የቅጽል ስም ሲሆን የመጀመሪያው ጀሪካን በ1930ዎቹ ለጀርመን ጦር የተሠራ የብረት ነዳጅ መያዣ ነበር። የፕላስቲኩ ጀሪካን በባዶው ቀላል፣ ቢወድቅም የማይሰበር በመሆኑ ውኃ ቀጂዋን ሴት ከከባዱና ከተሰባሪው እንስራ አሳርፏታል። ከፖሊፕሮፕሊን የተሸመነው ከረጢትም እንዲሁ የቃጫውን ጆንያ ተካ፤ ሕዝቡ በውስጡ በመጣው ነገር ስም «ማዳበሪያ» ብሎ ጠራው።

ቀጭን ክር ለምን ይጠነክራል

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ያዡ ነው። የፋይበሩ ሳይንስ የተጀመረው በሌላ ሰውና በሌላ ጥያቄ ነበር። በእንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ኤ. ኤ. ግሪፊዝ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማግሥት አንድ ነገር አስገረመው። የአተሞች ማሰሪያ ጥንካሬ ሲሰላ ብርጭቆ ሊሸከም ከሚገባው በጣም ጥቂቱን ብቻ ይሸከማል። ቀሪው ጥንካሬ ወዴት ሄደ?

ግሪፊዝ ጥያቄውን ለመመለስ ብርጭቆን አቅልጦ እየቀጠነ የሚሄድ ክር መዘዘና እያንዳንዱን እስኪበጠስ ሳበው። ወፍራሙ ብርጭቆ በ170 ሜጋፓስካል ገደማ ይሰበራል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር 3 ሺኛ ገደማ የሆነው ክር ግን እስከ 3400 ሜጋፓስካል ቻለ፤ ይህም ሃያ እጥፍ ነው። ያው ብርጭቆ ነው፣ የተለየ ነገር አልተጨመረበትም። በ1921 ባሳተመው ጥናት እንዳብራራው ምክንያቱ ስንጥቅ ነው። በማንኛውም ብርጭቆ ላይ ዐይን የማያያቸው ስንጥቆች አሉ፤ ጫናው ሁሉ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁ ከአንድ መጠን ሲያልፍም ራሱን በራሱ እያሰፋ ይሮጣል። እጅግ ቀጭን በሆነ ክር ላይ ትልቅ ስንጥቅ የሚያርፍበት ቦታ የለም።

የጥምር ቁስ መሠረተ አሳብ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ። ብርጭቆን በአንድ ወፍራም ዘንግ ፈንታ በሺህ በሚቈጠሩ ቀጫጭን ክሮች ብንከፋፍለውና በሙጫ ብናያይዘው፣ አንዱ ክር ቢበጠስ ስንጥቁ በሙጫው ወሰን ላይ ይቆማል፤ ሌሎቹ ጫናውን ይካፈላሉ። የጭቃው ግድግዳ የሚሠራበት ሕግም ይኸው ነው። ሁለት ተሰባሪ ነገሮች ተጣምረው የማይሰበር ነገር ይሆናሉ ሲባል ለተማሪው እንቆቅልሽ ይመስለዋል፤ የስንጥቅን ጉዳይ ከተረዳ ግን እንቆቅልሹ ይፈታል።

ጄ. ኢ. ጎርደን እንደ ጻፈው በግሪፊዝ ቤተ ሙከራ አንድ ምሽት የጋዝ ነበልባል ሳይጠፋ ተረስቶ ቃጠሎ ተነሣ። አለቆቹም ምርመራ አካሄደው በብርጭቆ ጊዜ ማባከኑን እንዲተው አዘዙትና ወደ ሞተር ሥራ ተዛወረ። የምርምር ዕቅድና በጀት በእጃቸው ያለ አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይሉታል ብለን እናምናለን።

የብርጭቆ ፋይበር በፋብሪካ ደረጃ በብዛት መመረት የጀመረው በአሜሪካ በ1930ዎቹ ነው፤ ከሙጫ ጋር ተጣምሮም በ1940ዎቹ ለራዳር መሸፈኛ፣ ለጀልባና ለመኪና አካል ሆነ። እፍግታው ከብረት ሩብ ገደማ ነው፤ አይዝግም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዛሬ በየከተማው ጣሪያ ላይ ከሚታዩት የውኃ ማጠራቀሚያዎች አንዳንዶቹ ከዚህ የተሠሩ ናቸው።

እጥረት የወለደው መኪና

ለዕቅድ አውጪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ምናልባት የምሥራቅ ጀርመን ምሳሌ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያ አገር ለመኪና አካል የሚሆን ስስ የብረት ሰሌዳ አልነበረውም፤ ከምዕራብም እንዳያስገባ ማዕቀብ ነበረበት። መሐንዲሶቹ ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣውን የጥጥ ተረፈ ምርት በፌኖል ሙጫ አያይዘው በሙቀትና በግፊት በመጨመቅ ዱሮፕላስት የተባለውን ቁስ ሠሩ። ከ1957 እስከ 1991 በትስቪካው ከተማ ሦስት ሚሊዮን ያህል ትራባንት መኪናዎች ከዚህ አካል ጋር ተመረቱ። የቤክላንድ ሙጫና የጥጥ ጭድ ማለት ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ትራባንትን እንደ መሣለቂያ ብቻ ያነሡታል፤ ይህ ፍርድ ጎደሎ ነው። አካሉ አይዝግም፣ ጥሬ ዕቃውም በእጅ ያለ ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል በመጭመቂያው ውስጥ እስኪጠነክር በርካታ ደቂቃዎች ይቆያል፤ የብረት ሰሌዳ ግን በሴኮንዶች ይታተማል፤ ስለዚህ ምርቱ ፍላጎቱን ሊደርስበት አልቻለም። በተጨማሪም ቁሱ እንደ ሸክላ በመሆኑ መኪናው ሲያረጅ አቅልጦ እንደገና መሥራት አይቻልም።

በአገራችን የእንሰት ቃጫ፣ ሲሳልና የጥጥ ተረፈ ምርት ስላለን ጥምር ቁስ ለመሥራት ተዘጋጅተናል የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። አሳቡ መልካም ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ጥጡን ከውጭ ስታስገባ ሙጫውን፣ መጭመቂያውንና ኬሚስቱን ከራሷ አገኘች። እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፋይበሩ አለ፣ ሙጫው በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። የተክል ቃጫ ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ካልታከመም ከሙጫው ጋር በሚገባ አይጣበቅም። ዕቅዱ ከቃጫው ሳይሆን ከሙጫው ቢጀምር ይሻላል የሚል አስተያየት አለን።

ካርቦንና የሮልስ ሮይስ ውድቀት

በ1960 ገደማ በኦሳካ የመንግሥት ምርምር ተቋም አኪዮ ሺንዶ ለሹራብ የሚሆነውን የአክሪሊክ ክር ዘመድ የሆነ ፋይበር በከፍተኛ ሙቀት አክስሎ የካርቦን ክር አገኘ። በ1960ዎቹ አጋማሽም የፋርንቦሮ ተመራማሪዎች ዘዴውን አሻሽለው እጅግ ጠንካራና ግትር ፋይበር አወጡ። የካርቦን ጥምር ቁስ እፍግታው ከብረት አንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን በፋይበሩ አቅጣጫ ሲሳብ ከብዙ የብረት ዓይነቶች ይበልጣል። በአግድሙ ሲሳብ ግን አቅሙ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እንጨት በቁመቱ ሲፈለጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ፣ በአግድም ሲቈረጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም።

ሮልስ ሮይስ ኩባንያ በ1968 ለሎክሂድ አውሮፕላን አዲስ ሞተር ሊያቀርብ ውል ገባ፤ የፊት ማራገቢያውንም ምላጮች ከካርቦን ጥምር ቁስ ሊሠራ ወሰነ። ክብደቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቈጠባል ተባለ። ይሁን እንጂ በሰማይ ወፎች አሉ። በ1970 በተደረገው ፈተና ሙት ወፍ ወደሚሽከረከረው ሞተር ሲወረወር ምላጮቹ ተሰባበሩ። በስበት የጠነከረው ቁስ የጎን ምትን አልቻለም። ኩባንያው ወደ ቲታኒየም ተመለሰ። ወጪው በሌሎች ምክንያቶችም ከተገመተው በላይ አሻቅቦ ስለነበረ በየካቲት 1971 ሮልስ ሮይስ ከሰረ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ወረሰው። ክሥረቱን በምላጩ ላይ ብቻ ማላከክ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተፈተነ ቁስ ቀኑ በተቈረጠ ውል ውስጥ ማስገባት ምን እንደሚያስከትል ይህን ያህል የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አናውቅም።

በዚያው በ1971 የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ የካርቦን ፋይበር ለንግድ ማምረት ጀመረ። ቶሬይ የጨርቃ ጨርቅ ፋይበር አምራች ነበር። የመጀመሪያ ደንበኞቹ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና የጎልፍ ዱላ ሠሪዎች ሆኑ፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቢሰበር ማንም አይሞትም። ቁሱ በእነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ላይ ዓመታት እየተፈተነ፣ ዋጋው እየቀነሰ፣ ጥራቱ እየተስተካከለ ወደ አውሮፕላን ጅራትና ክንፍ ገባ። ከካርቦን ጥምር ቁስ የተሠራ፣ ጠርዙ በቲታኒየም የተለበጠ የማራገቢያ ምላጭ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ አገልግሎት የጀመረው በ1995 ነው፤ ይኸውም ከወፏ ፈተና 25 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር የሚበር ቦይንግ 777 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2003 ዓ.ም. ተረክቧል።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን መዋቅር በክብደት ግማሽ ያህሉ ጥምር ቁስ ነው፤ የካርቦን ፋይበሩ ከቶሬይ ይመጣል። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱ በለንደን ሂዝሮ ማረፊያ መንገደኛ በሌለበት ቆሞ ሳለ የአደጋ ጊዜ አመልካች መሣሪያው ባትሪ ተቃጠለና እሳቱ ወደ ጀርባው ጥምር ቁስ ተዛመተ። የብሪታንያ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ሙጫው በሙቀቱ እየፈረሰ ለእሳቱ ማገዶ ሆኖታል። ፋይበሩ ሳይሆን ያዡ ነው የተጎዳው። የተጎዳው ክፍል ተጠግኖ አውሮፕላኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አገልግሎት ተመለሰ። የብረት አካል ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ዐይንም ያየዋል፤ ጥምር ቁስ ግን ላይ ላዩን ደኅና መስሎ በውስጡ ድርቦቹ ሊላቀቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ በድምፅ ሞገድ መመርመርን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ ሙያ ዛሬ በአገራችን ሰው ይቀጠርበታል፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ዕቅድ ሲወጣ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በክፍል ውስጥ

የፕላስቲክን ጉዳት በተመለከተ መምህሩ ሕጉን ቢያውቅ መልካም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥና በተፈጥሮ የማይበሰብስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ክልከላ የሚያጠብቅ አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል የማይበሰብሰው በክፋት አይደለም፤ ሽታውዲንገር የተከራከረለት ያ ረዥም ሰንሰለት ለተሕዋስያን የማይበጠስ ስለሆነ ነው። ክልከላውን በግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ምክንያቱን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ማስረዳት ይበልጥ ይዘልቃል።

የጥምር ቁስን ጠባይ ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከአንድ ጉድጓድ የተቆፈረ አፈር ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ብቻውን፣ ሌላው በጤፍ ጭድ ይቦካ። በእንጨት ቅርጽ 4 ሴንቲሜትር ወርድና ከፍታ፣ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ዘንጎች ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ይሠሩ፤ በጥላ ሥርም ይድረቁ። በሁለት ድንጋዮች ላይ ተጋድመው መካከላቸው ላይ ጀሪካን ይንጠልጠልና ውኃ በጣሳ እየተለካ ይጨመር። ተማሪዎቹ ዘንጉ ሲሰነጠቅና ሲበጠስ የነበረውን ውኃ ለየብቻ ይመዝግቡ። ጭድ በሌለው ዘንግ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ይሆናሉ፤ ጭድ ባለበት ግን ይለያያሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ውኃ የተሸከመው ማን እንደሆነ መምህሩ ይጠይቅ፤ የጭድ ልክ ቢጨመር ምን እንደሚሆንም ተማሪዎቹ ከቤታቸው አረጋውያንን ጠይቀው ይምጡ፤ ጭድ የበዛበት ጭቃ እንደማይያያዝ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።